ለመንገዱ የሚመጥን የኤሌክትሪክ ብስክሌት

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ፔዳሉም ካቴናውም እንዳለ ሆኖ ባትሪና ሞተር የተጨመረለት ብስክሌት ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩ ያግዘዋል፤ ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅም በእግሩ ጉልበት እየነዳ ቤቱ ይገባል። ፔዳል ከሌለው ወይም ለስም ያህል ብቻ ከተገጠመለት የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል የሚለየው በዚህ ነው። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1895 ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላ ጎማው መሀል ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። ይሁን እንጂ የዘመኑ ባትሪ ከባድ ስለነበር ነገሩ ገበያ ላይ አልዋለም። የጃፓኑ ያማሃ የእግርን ኃይል እየለካ የሚያግዝ ብስክሌት በብዛት መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቀላሉ የሊቲየም ባትሪ ሲስፋፋ ደግሞ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ።

በአዲስ አበባም ጉዳዩ የብዙ ሰው ጥያቄ እየሆነ መጥቷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. አስታውቋል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኮሪደር ልማት በበርካታ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ጨምሯል። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከለቡ ወደ ጀሞ የሚወስደው ጎዳና ከዚያም ቀድሞ ለብስክሌት የተለየ መስመር ከተሠራላቸው የከተማዋ የመጀመሪያ መንገዶች አንዱ ነው።

ሻጭ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው የሞተሩን ዋት ነው። ለገዢ ግን ዋት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የለበትም። ምርጫውን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ የሚነዳበት መንገድ፣ የሚጫነው ክብደት፣ ብስክሌቱ የሚያድርበትና ባትሪው የሚሞላበት ቦታ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው። የሞተሩም የባትሪውም መጠን የሚታወቀው እነዚህ ከታወቁ በኋላ ነው።

መንገዱና ዳገቱ

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደች የምትሄድ ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ነፋስ ስልክ ላፍቶ የሚገኘው በዚህ ተዳፋት በታችኛው በኩል ነው። ስለዚህ ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከሃና ማርያም ወይም ከሳሪስ ወደ ሜክሲኮና ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሠራተኛ በጥቅሉ ጠዋት ይወጣል፤ ማታ ይወርዳል። ጠዋት የሞተሩ ጉልበት ይፈተናል፤ ማታ ደግሞ ፍሬኑ። ከጀሞ ለቡ ደርሶ የሚመለስ ሰው ግን ወደ መሀል ከተማ የሚወጣውን ያህል ኃይል አያስፈልገውም።

ዳገት የሚጠይቀው ኃይል በቀላሉ ይሰላል። ነጂው 70፣ ብስክሌቱ 25፣ ቦርሳው 5 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ድምሩ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ይህን ክብደት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ 230 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ስፖርት የማይሠራ ጤነኛ ሰው ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ማመንጨት የሚችለው ከ75 እስከ 100 ዋት ቢሆን ነው። የቀረውን ከ130 እስከ 155 ዋት ሞተሩ ይሸፍናል፤ ይህ ለ250 ዋት ሞተር አይከብድም። በዚያው ዳገት ላይ 50 ኪሎ ግራም ጭነት ሲጨመር ግን የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 345 ዋት ያድጋል። ያኔ 250 ዋቱ ሞተር አቅሙ ጫፍ ላይ ይደርስና እየጋለ ይሄዳል። ለባለ ጭነት ከ400 እስከ 500 ዋት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የከተማዋ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። የነዳጅ ሞተርም በዚሁ ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አያቃጥልምና ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም። ስለዚህ በደጋ ከተማ ዳገት የሚወጣ ሰው ከሞተሩ የሚያገኘው እፎይታ በቆላ ከሚገኘው ይበልጣል።

ከዳገቱ ቀጥሎ የሚታየው የመንገዱ ገጽ ነው። ዋናው ጎዳና አስፋልት ቢሆንም ወደ መኖሪያ መንደሮች የሚያስገቡት ብዙዎቹ መንገዶች ኮብልስቶን ወይም ጥርጊያ ናቸው። በኮብልስቶን ላይ ቀጭን ጎማ ነጂውን ያንገጫግጫል፤ የጎማውን ሽቦዎችም ያላላል። ስፋቱ 2 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጎማና ፊት ለፊት ሞላ ያለው ሹካ ይመረጣል። ዲያሜትሩ 16 ወይም 20 ኢንች የሆነ ትንሽ ጎማ ለማስቀመጥ ቢመችም ጉድጓድ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ 26 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው ጉድጓዱን ተሻግሮ ያልፋል።

የሞተሩ ዓይነትና ቦታ

ሞተር በሁለት ቦታ ይገጠማል። የመጀመሪያው በጎማው መሀል፣ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ጎማ ላይ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ካቴናውንም አያስጨንቅም። ድክመቱ በረጅምና ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ይታያል። ጎማው በዝግታ ሲዞር ሞተሩም አብሮ በዝግታ ስለሚዞር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ከሳበው ውስጥም ሰፊው ክፍል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በውስጡ ጥርሳ ጥርስ ያለው የጎማ ሞተር ዳገት ላይ የተሻለ ነው። ጥርሳ ጥርስ የሌለው ከባድ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅም ፔዳሉን ያከብዳል። በአንጻሩ ቁልቁለት ላይ ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው መመለስ የሚችለው ይኸኛው ነው፤ የሚመልሰው ግን በተለመደው የከተማ መንገድ ከ10 በመቶ እምብዛም አያልፍም።

ሁለተኛው ዓይነት ሞተር በፔዳሉ ዘንግ ላይ ይገጠማል። ኃይሉ በካቴናው በኩል ስለሚያልፍ የብስክሌቱን ማርሾች ይጠቀማል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ ሳይጨነቅ ይወጣል። ሆኖም ዋጋው ውድ ነው፤ ካቴናና ጥርስ ቶሎ ይበላል፤ መለዋወጫውም ብዙ ጊዜ ከአምራቹ ብቻ ይገኛል። የሞተሩን ቤት ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ በአቅራቢያ ከሌለ ጥሩው ሞተር ለወራት ሊቆም ይችላል። ቀጥ ያለ ዳገት በየቀኑ ለሚወጣና መለዋወጫ ለማግኘት መንገድ ላለው ሰው የፔዳል ሞተር ይሻላል። ለሌላው ጥርሳ ጥርስ ያለው የጎማ ሞተር ይበቃል።

እገዛው የሚለቀቅበት መንገድም ይለያያል። በአንዳንዶቹ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ሞተሩን ያስነሳል፤ ርካሽ ነው፤ ሲነሳ ግን ወደፊት ወርወር ያደርጋል። በሌሎቹ ደግሞ እግር የሚሰጠውን ጫና የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በረገጡት ልክ ያግዛል፤ ባትሪም ይቆጥባል። እጅ ላይ የሚገኘው ጋዝ ከቆመበት ዳገት ላይ ለመነሳትና ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ይጠቅማል። በጋዝ ብቻ መሄድ ግን ባትሪውን በፍጥነት ይጨርሳል።

ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?

የባትሪ መጠን የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። ቮልቱ በአምፒር ሰዓቱ ሲባዛ ይገኛል፦ 36 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ 48 ቮልትና 12 አምፒር ሰዓት ደግሞ 576። እያገዘ የሚሄድ ብስክሌት በደልዳላ መንገድ በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ ዳገት ሲበዛ ወይም በጋዝ ብቻ ሲነዳ 20ና ከዚያ በላይ ይሆናል። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ርቀት በቀላል ነጂ፣ በሜዳና በዝቅተኛ እገዛ የተለካ ስለሆነ ለዳገታማ ከተማ አይሠራም።

አንድ ሠራተኛ ወደ ሥራ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ቢመለስ፣ በኪሎ ሜትር በአማካይ 18 ዋት ሰዓት ተይዞ፣ በቀን 360 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባትሪን እስከ ታች ማድረቅ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር 20 በመቶ መጠባበቂያ ይተዋል፤ ያኔ 450 ይሆናል። ባትሪው ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ከመያዝ አቅሙ አምስተኛውን ሊያጣ ስለሚችል ያም ሲታሰብ 560 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ለዚህ ሰው 48 ቮልትና 12 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ ልኩ ነው። ባለ 360ው ሲገዛ ቢያደርስም እያረጀ ሲሄድ መንገድ ላይ ይጥላል።

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ባትሪዎች አሉ። የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ባለ 48 ቮልትና 12 አምፒር ሰዓቱ ግን 16 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጠለቅ ብሎ በየቀኑ ከተሠራበትም ብዙ ጊዜ ከ300 ያህል ሙሌት በኋላ ይደክማል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የተለመደው ሊቲየም አዮን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከ500 እስከ 1,000 ሙሌት ይቆያል። ሦስተኛው ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ነው። ከተለመደው ሊቲየም ጥቂት ይከብዳል፤ ነገር ግን ከ1,500 ሙሌት በላይ ይሄዳል፤ ሙቀትንም የበለጠ ይቋቋማል። ሲገዙ ርካሽ የሆነው የእርሳስ ባትሪ በየጊዜው ሲተካ ከሊቲየሙ የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል።

ማደሪያና ሙሌት

በጀሞ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ማታ ማታ በደረጃ መሸከም የማይዘለቅ ነው። እንዲህ ላለው ገዢ ባትሪው በቁልፍ የሚነቀል መሆኑ ከሞተሩ ዋት በፊት መጠየቅ አለበት። ብስክሌቱ ምድር ቤት በወፍራም ሰንሰለት ታስሮ ያድራል፤ ባትሪው ብቻ ወደ ቤት ይወጣል። በግቢ ቤት የሚኖር ሰው ግን ባትሪው ፍሬሙ ውስጥ የተቀበረ ቢሆንም እምብዛም አይቸገርም፤ ሶኬቱ ከዝናብ የተጠለለ ይሁን እንጂ።

የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው። ባለ 576 ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ፣ በቻርጀሩ ላይ የሚባክነው ተጨምሮ፣ ከቆጣሪ ላይ የሚቆጥረው ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። 3,500 ዋት ያህል የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ኃይል ይህን ባትሪ አምስት ጊዜ ይሞላዋል። ባለ 2 አምፒር ቻርጀር ባትሪውን ለመሙላት 6 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ባለ 4 አምፒሩ ግማሹን።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የቮልቴጅ መዋዠቅ ቻርጀሩን ሊያቃጥል ስለሚችል መብራት ሲጠፋ መንቀልና ከተመለሰ ከደቂቃዎች በኋላ መሰካት ይበጃል። ቻርጀር ማለዋወጥ ደግሞ አደገኛ ነው። ሁለት ባትሪዎች ሁለቱም ባለ 48 ቮልት ተብለው ቢሸጡም የተለመደው ሊቲየም የሚሞላው እስከ 54.6 ቮልት፣ ሊቲየም ብረት ፎስፌቱ ደግሞ እስከ 58.4 ቮልት ነው። የሁለተኛው ቻርጀር በመጀመሪያው ላይ ቢሰካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት የተረጋገጠ የደኅንነት ደረጃ የሌለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥ ከልክላለች። ባትሪን በመተላለፊያ ደረጃ ላይ፣ በመውጫ በር አጠገብ ወይም ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ መሙላት አይገባም። ያበጠ፣ የወደቀ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ አይሞላም።

ከውጭ አገር ዘመድ ብስክሌት እንዲያመጣ ለሚያስብ ቤተሰብ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያሻል። አንደኛ፣ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን ሻንጣ አይጫንም፤ የብስክሌት ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ከሌለው አይሰካም።

ፍሬን፣ ክረምትና ፍሬም

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከተራው ብስክሌት በ10 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል፤ ይፈጥናልም። ፍጥነት ከ25 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ፍሬኑ ማቆም ያለበት ኃይል ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ቸርኬውን የሚይዝ የጎማ ፍሬን በክረምት ዝናብ ስለሚንሸራተት የዲስክ ፍሬን ይመረጣል። በዘይት የሚሠራው ዲስክ በጣት ብቻ ይይዛል፤ በሽቦ የሚሠራው ግን ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ያስተካክለዋል። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን ወዲያው የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ መኖሩም ይታያል።

በአዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ ከባድ ነው። የሽቦ መገናኛዎችና ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ከውኃ ርጭት የተከለሉ መሆን አለባቸው፤ በዕቃው መግለጫ ላይ አይ ፒ ኤክስ 4 ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ከዝናብ እንጂ ከጎርፍ አያድንም፤ የጎማውን መሀል የሚውጥ ውኃ ውስጥ መግባትና ብስክሌቱን ግፊት ባለው ውኃ ማጠብ ሞተሩን ይጎዳሉ። ጭቃ መከላከያ፣ የፊትና የኋላ መብራትም አብረው ቢመጡ ይመረጣል።

ፍሬሙ ከነጂው ቁመትና አለባበስ ጋር ይሄዳል። ቀሚስ ለሚለብሱ፣ ልጅ ከኋላ ለሚያስቀምጡና ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች መሀሉ ዝቅ ያለ ፍሬምና የካቴና መሸፈኛ ያስፈልጋሉ። ብዙዎቹ የኋላ መጫኛዎች የሚችሉት 25 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚጭን ለጭነት የተሠራ ረጅም ፍሬም አለ።

ጥገናና ሕግ

ከጎማ እስከ ፍሬን ያለውን በየሰፈሩ ያለ ብስክሌት ጠጋኝና ጎሚስታ ይሠራል። የኋላ ጎማው ሞተር የተገጠመበት ከሆነ ግን ሲፈታ ሽቦው ይነቀላል፤ መልሶ ሲገጠም የዘንጉ ማሰሪያ በደንብ ካልጠበቀ ሽቦው ተጠምዝዞ ይበጠሳል። የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ግን ጠጋኙ ከየትም ስለማያገኛቸው ገዢው ሻጩ ዘንድ ሦስት ዕቃዎች መኖራቸውን ያረጋግጣል፦ ኮንትሮለር፣ ቻርጀርና ምትክ ባትሪ። እነዚህን የማያቀርብ ሻጭ ቅናሽ ቢያደርግም ትርፉ ኪሳራ ነው። መገናኛዎቹ የተለመዱ ዓይነት የሆኑበት ብስክሌት የአንዱ አምራች ብቻ ከሆነው ይልቅ በሌላ ዕቃ በቀላሉ ይጠገናል።

የብስክሌትና የሞተርሳይክል ድንበር በየአገሩ ይለያል። በአውሮፓ ኅብረት ሞተሩ ከ250 ዋት ሳያልፍ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ብስክሌት እንደ ማንኛውም ብስክሌት ይታያል። ቻይና የፍጥነት ጣሪያውን እዚያው 25 ላይ አድርጋ ሞተሩን እስከ 400 ዋት ትፈቅዳለች። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተርሳይክል እንቅስቃሴ ላይ እገዳና የፈቃድ ሥርዓት መጣሉ ይታወሳል። ስለዚህ ፔዳል የሌለውን ወይም በጋዝ ብቻ በፍጥነት የሚሄደውን የሚገዛ ሰው ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ባለ 250 ዋቱና ፍጥነቱ የተገደበው ለብስክሌት መስመርም ለአካባቢው እግረኛም ይስማማል።

ለማን የትኛው?

በየቀኑ ወደ መሀል ከተማ ለሚወጣ ሠራተኛ ከ250 እስከ 350 ዋት የሆነ ጥርሳ ጥርስ ያለው የጎማ ሞተር ወይም የፔዳል ሞተር፣ ከ500 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ተነቃይ የሊቲየም ባትሪና የዲስክ ፍሬን ይስማማዋል። በሰፈር ውስጥ ገበያና ትምህርት ቤት ለሚመላለስ ዝቅ ያለ ፍሬም፣ 250 ዋት ሞተርና 360 ዋት ሰዓት ባትሪ ይበቃል። ቦታ ለጠበበው ተማሪ የሚታጠፈው ዓይነት ይመቻል፤ በኮብልስቶን ላይ የሚደርስበትን መንገጫገጭ የሚታገሥ ከሆነ። ዕቃ ለሚያደርስ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው፦ በቀን ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ጭነት ይዞ ሲሄድ ከ1,200 እስከ 2,000 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ለእርሱ 500 ዋት ሞተርና ሁለት ባትሪ፣ ወይም ፈቃዱን አሟልቶ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል መያዝ ይሻላል።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በቴስተር እንዲለካ ይጠይቃል፤ ባለ 36 ቮልቱ የተለመደ ሊቲየም ወደ 42 ቮልት፣ ባለ 48 ቮልቱ ወደ 54.6 ቮልት ካልደረሰ አንድ ችግር አለ። ቮልቱ ሙሉ ሆኖም ዳገት ላይ በድንገት የሚወርድ ባትሪ ያረጀ ነው። አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ሙከራው የሚደረገው በሱቁ ደጃፍ ሜዳ ላይ ሳይሆን ገዢው በየቀኑ በሚወጣው ዓይነት ዳገት ላይ፣ በሚሸከመው ጭነት ነው። በመጨረሻም የግዢ ደረሰኝ፣ የፍሬም ቁጥር የተጻፈበት ሰነድና የባትሪው ዋስትና ለስንት ወር እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት በእጅ ሳይገባ ክፍያ አይፈጸምም።